ሰዓቱ ያለቀው ሰልፍ ላይ ነው

«ለመጨረሻ ጊዜ ጤነኛ ሆነው ያያችኋቸው ስንት ሰዓት ላይ ነው?»

ይህን የጠየቀን አንድ ወጣት ሬዚደንት ሐኪም ነው። ከቀኑ 6 ሰዓት ከ20 ሆኗል። የታማሚው ልጅ የሲቲ ስካን (የአንጎል ምስል) ፊልሙን በብብቱ ይዟል። ስትሬቸሩ ላይ የተኙት ሰፈሩ ሁሉ ጋሼ የሚላቸው ባለሱቅ ጎረቤታችን ናቸው። ቀኝ እጅና እግራቸው አይታዘዝም። አፋቸው ወደ ግራ ተጎትቷል። ሊናገሩ ይሞክራሉ፣ ቃሉ ግን አይወጣም።

መልሱን ባለቤታቸው ያውቁታል። ጠዋት 12 ሰዓት ከ40 ነው። ጋሼ ኪዳን አድርሰው ገብተው ቁጭ እንዳሉ ሻይ ሰጧቸው፣ ስኒው ከእጃቸው ወደቀ። ሴት ልጃቸው የመሥሪያ ቤት ሰርቪስ ለመያዝ የምትወጣበት ሰዓት ስለሆነ ደቂቃዋን አልረሷትም። ሐኪሙ ጻፈና ትንሽ ዝም አለ። ከዚያ «አልፏል» አለ።

ከእሱ በፊት በስንት ሰው እጅ አልፈናል። ስም ተጠይቀናል፣ ዕድሜ፣ ወረዳ፣ ስልክ ቁጥር፣ መድህን አለ ወይ ተብለናል። ሰዓቱን የጠየቀን ግን አልነበረም። እኔም ሰዓቱ ይህን ያህል ዋጋ እንዳለው ያወቅሁት ያን ቀን ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ አንብቤያለሁ፣ የማውቃቸውን የጤና ባለሙያዎችም ጠይቄያለሁ። የደረስኩበት ነገር ቀላል ነው። በስትሮክ ጊዜ ሰውን የሚያድነው ወይም የሚጎዳው መድኃኒቱ ብቻ አይደለም። ሥራው በምን ቅደም ተከተል እንደሚሠራና ማን እንደሚሠራውም ጭምር ነው።

መጀመሪያ ያለፈው ነገር ምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

ስትሮክ ሁለት ዓይነት ነው። በአንደኛው የረጋ ደም ወደ አንጎል የሚሄደውን ቧንቧ ይደፍናል። በሌላው ቧንቧው ይፈነዳና ደም አንጎል ውስጥ ይፈሳል። የተደፈነውን የሚከፍት አልቴፕሌዝ የሚባል መድኃኒት አለ። በደም ሥር ነው የሚሰጠው። በ1995 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የወጣ ጥናት በ3 ሰዓት ውስጥ ከተሰጠ ከአካል ጉዳት እንደሚያተርፍ አሳየ። በ2008 እ.ኤ.አ. የወጣ የአውሮፓ ጥናት ደግሞ ጊዜውን ወደ 4 ሰዓት ተኩል አራዘመው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. መሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል። ከ4 ሰዓት ተኩል በኋላ ግን በአብዛኛው ሰው ላይ የሚያስከትለው የመድማት አደጋ ከጥቅሙ ይበልጣል። የረጋውን ደም በቀጭን ቱቦ ስቦ ማውጣትም ከ2015 እ.ኤ.አ. ወዲህ በዓለም ተስፋፍቷል። ለተመረጡ ታማሚዎች እስከ 24 ሰዓት ድረስ ይሠራል። ለዚህ ግን ልዩ ክፍልና ልዩ ባለሙያ ያስፈልጋል።

4 ሰዓት ተኩሉ ታዲያ እስከዚያ ድረስ ዘና በሉ ማለት አይደለም። በ2006 እ.ኤ.አ. አንድ አሜሪካዊ ሐኪም ባሰላው መሠረት ትልቅ ቧንቧ የተደፈነበት ሰው ሳይታከም በሚቆይባት በእያንዳንዷ ደቂቃ 1.9 ሚሊዮን የአንጎል ሴሎች ይሞታሉ። አንዲት ፊርማ ፍለጋ የምንሄድባት ደቂቃ ማለት ናት።

አሁን የእኛን ደቂቃዎች ልቁጠራቸው።

ቤት ውስጥ 40 ደቂቃ ጠፋ። ይህ የእኛው ጥፋት ነው። አንዱ ሎሚ አሸተታቸው። አንዷ «ምች ነው» ብላ ዳማከሴ ልትጨምቅ ወረደች። ወንድማቸው ጠበል ይሻላል ብሎ በስልክ ተከራከረ። አምቡላንስ መጥራት ማንም ትዝ አላለውም። የምንኖረው አራተኛ ፎቅ ነው፣ ሊፍት የለውም። በጋቢ ጠቅልለን፣ አራት ሆነን፣ በየመታጠፊያው እያረፍን አወረድናቸው። 1 ሰዓት ከ20 ላይ መኪና ውስጥ ገቡ።

ጤና ጣቢያ 1 ከ50 ደረስን። እዚያ አንድ ጥሩ ነገር ተደረገ፣ እመለስበታለሁ። ሪፈር ተጽፎልን 2 ከ20 ወጣን። የጠዋት መንገድ ነውና 50 ደቂቃ ፈጀ። 3 ሰዓት ከ10 ላይ ሆስፒታሉ በር ላይ ነበርን። ስኒው ከወደቀ 2 ሰዓት ተኩል ሆኖታል። ሌላ 2 ሙሉ ሰዓት ቀርቶን ነበር ማለት ነው።

ከበሩ ጀምሮ ያለው እንዲህ ነው። ጥበቃው ለምን እንደመጣን ጠየቀ፣ አስረዳን። ልጃቸው ካርድ ሊያወጣ ሄደ። እኔ ዊልቸር ፍለጋ ዞርኩ። ትሪያጅ (ታማሚ በሕመሙ ክብደት የሚለይበት ክፍል) ላይ ግፊታቸው ተለካ፣ ወረቀት ተሰጠን። ሐኪም ያያቸው 4 ሰዓት ላይ ነው። አንዴ እንዳየ ስትሮክ እንደሆነ ገባው፣ ሲቲ አዘዘ። የሆስፒታሉ ሲቲ ግን ተበላሽቶ ነበር። «ውጭ አሠሩት» ተባልን። እንደገና መኪና፣ እንደገና ማውጣትና ማስገባት። የግል ምርመራ ማዕከሉ ደግሞ ሳይከፈል አይጀምርም። 5 ሰዓት ከ10 ሲል፣ ያ 4 ሰዓት ተኩሉ ሲያልቅ፣ ልጃቸው ካሸሩ ጋ ሰልፍ ይዞ ከእህቱ ገንዘብ በስልክ እስኪገባለት ይጠብቅ ነበር። ፊልሙን ይዘን የተመለስነው 6 ከ15 ላይ ነው።

ሲደመር 340 ደቂቃ ነው። 150ው ከሆስፒታሉ በር በፊት አለፈ። 190ው ከበሩ በኋላ።

ሰው ሁሉ ትራፊኩን ነው የሚረግመው። እኔም እረግመው ነበር። ቁጥሩ ግን ሌላ ይላል። መንገድ ላይ ካጠፋነው ይልቅ ከደረስን በኋላ ያጠፋነው ይበልጣል። እነዚያን 190 ደቂቃዎች መለስ ብዬ ሳስባቸው ሐኪም ወይም ነርስ ሥራ ላይ ያጠፏት በጣም ትንሽ ናት። አብዛኛውን ያጠፋነው እኛ ነን፣ ወረቀት ይዘን ስንሮጥ።

ይህ ነገር በደንብ እንዲታይልኝ እፈልጋለሁ። በብዙ ሆስፒታሎቻችን ሥራው ከክፍል ወደ ክፍል የሚሻገረው በአስታማሚ እግር ነው። ካርድ የሚያወጣው አስታማሚ ነው። የደም ናሙና ይዞ ላብራቶሪ የሚሄደው እሱ ነው። የሚከፍለው፣ ውጤት የሚያመጣው፣ ከጎደለ ጓንትና ሲሪንጅ የሚገዛው እሱ ነው። ስትሬቸር ይገፋል። «ሐኪሙ የት ነው?» ብሎ የሚፈልገውም እሱ ነው። ቤቱን የማያውቅ፣ የደነገጠ፣ ቁርስ ያልበላ ሰው የሆስፒታሉ ዋና ተላላኪ ሆኗል። የሱ መጥፋት የታማሚው መዘግየት ነው። ካርድ ክፍሉን ለማግኘት ሁለት ሕንፃ የዞረው ልጅ ስንት ደቂቃ እንዳጠፋ የሚመዘግብ የለም። አስታማሚ የሌለው ሰው ቢታመም ምን እንደሚሆን ሳስብ ደግሞ ልቤ ይደማል።

ሁለተኛው ችግር ሁሉም ነገር በተራ መሠራቱ ነው። ካርድ ካልወጣ ትሪያጅ የለም። ትሪያጅ ካላለቀ ሐኪም የለም። ሐኪም ካላዘዘ ሲቲ የለም። ክፍያ ካልተፈጸመ ፊልም የለም። ለጨጓራ ሕመምተኛ ይህ ተራ ምንም አይለውም። ለስትሮክ ታማሚ ግን አንዱ እስኪያልቅ ሌላው የሚቆምበት አሠራር ራሱ በሽታ ነው።

ይህ የሚቀየር ነገር መሆኑን ያሳየ ከተማ አለ። ሄልሲንኪ ውስጥ በ1998 እ.ኤ.አ. አንድ የስትሮክ ታማሚ ሆስፒታል ከደረሰ በኋላ መድኃኒቱ እስኪሰጠው በአማካይ 105 ደቂቃ ይወስድ ነበር። በ2011 እ.ኤ.አ. 20 ደቂቃ ሆነ። የሆስፒታሉ ሐኪሞች እንዴት እንዳደረጉት በ2012 እ.ኤ.አ. ጽፈውታል። የአምቡላንሱ ሰዎች ገና መንገድ ላይ ሳሉ ይደውላሉ። የታማሚው መረጃ ከመድረሱ በፊት ይገባል፣ ምርመራውም ቀድሞ ይታዘዛል። ታማሚው በመጣበት አልጋ ላይ እንዳለ በቀጥታ ወደ ሲቲ ይገፋል። ሐኪሙ እዚያው ይጠብቀዋል፣ ምስሉን እዚያው ያነበዋል፣ መድኃኒቱም እዚያው ሲቲ ክፍል ውስጥ ይጀመራል። ሁሉም የላብራቶሪ ውጤት እስኪመጣ አይጠበቅም። ከሁሉ በፊት የግድ መታወቅ ያለበት የደም ስኳር ነው፣ እሱ ደግሞ በጣት ጠብታ ይለካል። ለውጡ የመጣው በአንድ ጊዜ አይደለም፣ ዓመታት ፈጅቷል። ዋናው የቀየሩት ግን ተራውን ነው።

«እነሱ ሀብታም ናቸው፣ እኛ ጋ መድኃኒቱ ራሱ የት አለና?» የሚለኝ ይኖራል። ልክ ነው። አልቴፕሌዝ በአገራችን በጥቂት ቦታ ብቻ የሚገኝ፣ ዋጋውም ለአብዛኛው ሰው የማይቀመስ መድኃኒት ነው። ጋሼም በሰዓቱ ቢደርሱ ኖሮ ያገኙት ነበር ብዬ አልምልም። ግን መድኃኒቱ ባይኖርም ሰዓቱ ዋጋ አለው። ለምን እንደሆነ ለማስረዳት ወደ ጤና ጣቢያዋ ልመልሳችሁ።

እዚያ ግፊታቸው ሲለካ 210 በ110 አለ። አንዷ ነርስ ደንግጣ ቶሎ የሚያወርድ ክኒን ልትሰጣቸው ተነሳች። ጤና መኮንኑ እጇን ያዘና «ተዪው፣ ሲቲ ሳይታይ አንነካውም» አላት። ያኔ ጨካኝ መሰለኝ። አሁን አመሰግነዋለሁ። ነገሩ እንዲህ ነው። ስትሮኩ ከደም መርጋት ከሆነ፣ ከፍ ያለው ግፊት በተጨናነቀው ቧንቧ በኩል ደም እንዲያልፍ የሚገፋ ኃይል ነው። በድንገት ከወረደ ሊተርፍ የሚችለው የአንጎል ክፍል አብሮ ይሞታል። አልቴፕሌዝ የማይሰጠው ሰው ከሆነ ግፊቱ እስከ 220 በ120 ድረስ በጥቅሉ አይነካም። ስትሮኩ ደም መፍሰስ ከሆነ ግን ተቃራኒው ነው። ግፊቱ ቶሎ መውረድ አለበት፣ አለዚያ ደሙ እየሰፋ ይሄዳል። አንድ ዓይነት ቁጥር፣ ሁለት የሚጋጩ ሕክምናዎች። ከውጭ ሲታይ ሁለቱም ታማሚ አንድ ነው፣ አፉ ተጣሟል፣ እጁ አይንቀሳቀስም። የሚለያቸው እንደ ሲቲ ያለ የአንጎል ምስል ብቻ ነው። ስለዚህ ሲቲ ዘገየ ማለት ሕክምናው ሁሉ በጨለማ ቆመ ማለት ነው። ለልብ ጥሩ ነው ብሎ አስፕሪን የሚሰጥ ጎረቤትም በዚህ ምክንያት ይጠንቀቅ። የሚፈስ ደም ካለ አስፕሪን ሊያባብሰው ይችላል።

በአገራችን ሆስፒታሎች የተሠሩ ጥናቶች የደም መፍሰስ ስትሮክ ድርሻ በምዕራቡ ዓለም ከሚታየው ከፍ ያለ መሆኑን ደጋግመው አሳይተዋል። ሳይታወቅና ሳይታከም የሚኖር የደም ግፊት አንዱ ምክንያት ነው። ለዚህኛው ዓይነት ደግሞ በ2023 እ.ኤ.አ. ትልቅ የምሥራች ወጣ። በ10 አገሮች፣ በአብዛኛው መካከለኛና ዝቅተኛ ገቢ ባላቸው፣ ከ7,000 በላይ ታማሚዎች የተሳተፉበት ጥናት ነው። የፈተኑት አዲስ መድኃኒት አይደለም። የላይኛውን ግፊት በአንድ ሰዓት ውስጥ ከ140 በታች ማውረድ፣ የደም ስኳርን መቆጣጠር፣ ትኩሳትን ማብረድ፣ ደም ማቅጠኛ የሚወስዱትን ውጤቱን ቶሎ መቀልበስ። እነዚህን በአንድ ላይ፣ ሳይዘገዩ ማድረግ። ይህ የተደረገላቸው ሰዎች ካልተደረገላቸው ያነሰ ሞቱ፣ የተሻለም አገገሙ። እነዚህ ነገሮች አብዛኞቹ በየሆስፒታሎቻችን አሉ። የጎደለው በአንድ ሰዓት ውስጥ አብረው እንዲሠሩ የሚያደርግ ሥርዓት ነው።

ከዚህም የቀለለ አለ። የጋሼ ሲቲ ደም መርጋት እንጂ መፍሰስ እንዳልሆነ አሳየ፣ አስፕሪን ተጀመረላቸው፣ አልጋ ያዙ። ማታ ባለቤታቸው አጥሚት አምጥተው በማንኪያ አጎረሷቸው። ትንታ አላቸው። «ደረቀባቸው» ብለው ውሃ ጨመሩ። እንደገና ሳል። በሦስተኛው ቀን ትኩሳት ወጣ። የሳንባ ምች ነው ተባለ። ስትሮክ የመታው ሰው ብዙ ጊዜ በደንብ መዋጥ አይችልም፣ የሚጎርሰው ወደ ሳንባ ይገባል። ታማሚውን ቀና አድርጎ አስቀምጦ በትንሽ በትንሹ ውሃ እየሰጡ የሚደረግ ምርመራ አለ። ነርስ በጥቂት ደቂቃ ትሠራዋለች፣ ማሽን አይፈልግም። እስኪታይ ድረስ ምንም በአፍ አይሰጥም። አውስትራሊያ ውስጥ በ19 የስትሮክ ክፍሎች የተሠራና በ2011 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት ነርሶች ትኩሳትን፣ ስኳርንና መዋጥን በሥርዓት ሲከታተሉ ከ3 ወር በኋላ የሞቱ ወይም የሰው እርዳታ የሚፈልጉ ታማሚዎች ቁጥር በግልጽ እንደቀነሰ አሳየ። እትዬን፣ የጋሼን ባለቤት፣ ማንም «አትስጧቸው» አላላቸውም። በፍቅር ነው የሰጡት። ዛሬም ያንን ማንኪያ እያነሱ ያለቅሳሉ።

ነርሶቹን ለመውቀስ አይደለም። ያን ሌሊት ሁለት ነርሶች ስንት ታማሚ እንደያዙ አይቻለሁ። አንዷ ቆማ ነው ዳቦዋን የበላችው። ነገር ግን «ስትሮክ ከሆነ መጀመሪያ ይህን፣ ቀጥሎ ይህን» የሚል አንድ ገጽ ወረቀት አልጋው ላይ ተሰቅሎ ቢሆን፣ ያች የደከመች ነርስ ራሷ «እናቴ፣ ቆይ አትስጫቸው» ትል ነበር።

የእኛ የዳር ሰፈር ሰዎች ችግር ደግሞ ለብቻው ነው። ኮዬ ፈጬ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ የካ አባዶ፣ ጀሞ፣ እነዚህ ሰፈሮች በጥቂት ዓመታት ውስጥ በሰው ሞሉ። ጥቁር አንበሳ፣ ዘውዲቱ፣ ምኒልክ፣ የካቲት 12፣ ራስ ደስታ ግን ድሮ ከተማዋ በነበረችበት ቦታ ናቸው። ሕዝቡ ወደ ዳር ወጣ፣ ትልልቆቹ ሆስፒታሎችና የነርቭ ሐኪሞች መሐል ቀሩ። የነርቭ ሐኪሞች በአገር ውስጥ መሠልጠን የጀመሩት በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ2006 እ.ኤ.አ. ነው። ቁጥራቸው ዛሬም ከሕዝቡ ጋር ሲነጻጸር እጅግ ጥቂት ነው።

ከጤና ጣቢያ ወደ አጠቃላይ ሆስፒታል፣ ከዚያ ወደ ስፔሻላይዝድ የሚለው የሪፈር ደረጃም ለስትሮክ አይመችም። ለአብዛኛው ሕመም ትክክል ነው፣ ትልልቆቹን ሆስፒታሎች ከመጨናነቅ ያድናል። ጤና ጣቢያ ግን ሲቲ የለውም። ስትሮክ የመታው ሰው እዚያ የሚያጠፋው ጊዜ በሙሉ፣ ስኳር ከመለካት በቀር፣ ኪሳራ ነው። በመድህን የሚታከም ቤተሰብ ደግሞ ያለ ወረቀት ሄጄ ብከፍልስ ብሎ ይፈራል። ስለዚህ ወረቀቱን ይጠብቃል።

እኔ ብጠየቅ ከሁሉ በፊት የማስተካክለው ስልኩን ነው። በየሆስፒታሉ ሊያዞን የሚባል፣ ሪፈርና አልጋ የሚያስተባብር ክፍል አለ። ጤና ጣቢያው ሪፈር ሲጽፍ ሊያዞኑ ደውሎ ሦስት ነገር ቢጠይቅልን፣ ሲቲው ዛሬ ይሠራል ወይ፣ የሚያነሳው ባለሙያ አለ ወይ፣ አልጋ አለ ወይ፣ እኛ ወደ ተበላሸ ማሽን አንሄድም ነበር። ሲቲ ይበላሻል። መብራት ይዋዥቃል፣ ቱቦው ይቃጠላል፣ መለዋወጫው በውጭ ምንዛሪ የሚመጣ ነው። ይህ ይገባኛል። የማይገባኝ መበላሸቱን የምናውቀው ታማሚውን ይዘን ከደረስን በኋላ መሆኑ ነው። የሪፈር ወረቀቱ ላይም የሕመሙ መነሻ ሰዓት በትልቁ ይጻፍ። ያቺ አንዲት መስመር ብትኖር ትሪያጅ ላይ ያለችው ነርስ 2 ሰዓት እንደቀረን ታያለች።

ከዚያ ደግሞ ካርዱ። የስትሮክ ታማሚ በር ላይ ሲታወቅ ካርዱ ይቆይ፣ ሰውየው ወደ ሲቲ ይሂድ። ክፍያውም ይከተለው። ወረቀቱን የሚያሯሩጥ አንድ የሆስፒታሉ ሠራተኛ ይመደብ፣ ቤቱን የሚያውቅ። አስታማሚው ከታማሚው ጎን ይቁም፤ ሰዓቱን የሚያውቀው፣ የሚወስዱትን መድኃኒት የሚያውቀው እሱ ነውና። ልጃቸው ሰልፍ ላይ ሳለ ሐኪሙ «ደም ማቅጠኛ ይወስዳሉ?» ብሎ ጠይቆኝ ነበር። እኔ ጎረቤት ነኝ፣ መልስ አልነበረኝም።

ጋሼ ወደ ቤት ተመልሰዋል። አንድ ልጅ ሱቁን ይሠራል፣ እሳቸው በር ላይ ወንበር አስወጥተው ይቀመጣሉ። ቀኝ እጃቸው ጭናቸው ላይ ነው። ለሰላምታ ግራ እጃቸውን ይዘረጋሉ። አንዳንድ ቃል ይወጣቸዋል። የደንበኛውን ስም ያውቁታል፣ ሊጠሩት ሲሉ ግን ሌላ ስም ይመጣባቸዋል።

የብሎካችን እድር ከዚያ ወዲህ አንድ ወረቀት ደረጃው መግቢያ ላይ ለጥፏል። አፍ ከተጣመመ፣ እጅ ከዛለ፣ ንግግር ከተሳሰረ ሰዓቱን ጻፉ፣ ምንም በአፍ አትስጡ፣ ደውሉ ይላል። የአምቡላንስ ቁጥሮቹ 907 እና 939 አሉበት፣ መኪና ያላቸው ጎረቤቶችም ስልክ። ቃሬዛ ገዝተን ታች ጥበቃው ጋ አስቀምጠናል። በተራ ደግሞ በየሳምንቱ አንድ ሰው በዙሪያችን ወዳሉ ሆስፒታሎች እየደወለ ሲቲ ይሠራ እንደሆነ ይጠይቃል። ባለፈው ተራው የኔ ነበር። አንደኛው ጋ ስደውል ማሽኑ ተጠግኗል አሉኝ። ማታስ አልኳቸው። ማታ የሚያነሳው ሰው የለም፣ ጠዋት 2 ተኩል ላይ ይገባል አሉኝ። ያንንም ወረቀቱ ላይ ጻፍኩት።